አርባ አንዱ የጠፈር መጻሕፍት በግምገማ ላይ

ልደታ ውስጥ ስሙን መጥራት የማያስፈልገው አንድ የተከበረ መስሪያ ቤት አለ። የተከበረው ሳይገመግም የሚያሳልፈው ነገር ስለሌለ ነው። አንድ ጊዜ የግድግዳውን ቀለም መቀየር ሁለት ዓመት ሙሉ ገመገመ። ቀለሙ በገዛ ጊዜው ወይቦ ሲቀየር «በዕቅዱ መሠረት ተከናውኗል» ብሎ ሪፖርት አደረገ።

ለዚህ ቤት ነው ካርቶኖቹ የደረሱት። በውስጣቸው ለጌጃ ሰፈር ንባብ ቤት በእርዳታ የተላኩ አርባ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ነበሩ። ሁሉም የተጻፉት «የሩቅ ሰማይ መርከብ» የሚባለውን፣ ሃምሳ ዓመት በቴሌቪዥን ሲታይ የኖረውን የጠፈር ድራማ ተከትለው ነው። የንባብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሸምሲያ በዚያው ቀን ከተፍ አሉ። እስከ ሰኔ ሠላሳ አዲስ መጽሐፍ ካላስገቡ ንባብ ቤታቸው ተዘግቶ የስብሰባ አዳራሽ እንደሚሆን ተነግሯቸዋል።

«ልውሰዳቸው?» አሉ።

ዳይሬክተሩ አቶ ገብረጊዮርጊስ ያልፈላ ወተት ለሕፃን ይሰጥ የተባሉ ያህል ደነገጡ። «ሳይገመገሙ?»

ግምገማው ሰላሁን ላይ ወደቀ። ሰላሁን የሌሎችን ደብዳቤ ሲያርም የኖረ ዝምተኛ ባለሙያ ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥ ረጅም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚጨርሰው እሱ ብቻ ነው። የግምገማ ቅጽም ተሰጠው። ቅጹ የተዘጋጀው ለድልድይ ቢሆንም ለመጽሐፍም እንደሚያገለግል ኮሚቴው አስቀድሞ ወስኗል።

መጀመሪያ ላይ እያዛጋ ነበር የሚያነበው። በሦስተኛው መጽሐፍ ግን ጠመንጃ ያዥ ከሚባለው ሰፈር የተሳፈረበት ታክሲ መውረጃውን አሳልፎት ሄደ። በስምንተኛው የመርከቡ ሐኪም ሲሞት እዚያው ታክሲ ውስጥ እንባው ፈሰሰ። አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት አዩት።

«ማን ሞተብህ ልጄ?»

«ሐኪሙ።»

«እግዜር ያጥናህ። የት ነበር የሚሠራው?»

«ሩቅ ነው እናቴ። ከሰማይ ወዲያ።»

«አይ ስደት» አሉ አሮጊቷ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

አርባ አንዱን ሲጨርስ ዋና ዋናዎቹን ክስተቶች ጨምሮ አንድ ገጽ ጻፈ። አሥራ አንደኛው እንደሚያደክም፣ ሃያ ሦስተኛው ድራማውን ላላየ ሰው እንደማይገባ፣ የቀሩት ግን ሰው እንቅልፉን ትቶ የሚያነባቸው መሆናቸውን ገልጾ «ለንባብ ቤቱ ይሰጡ» ሲል ደመደመ። ኮሚቴው ለዚህ ገጽ ተሰበሰበ።

«የመርከቡ ካፒቴን ከበላይ አካል ሳታስፈቅድ ፕላኔት ላይ አርፋለች ትላለህ» አሉ አቶ ገብረጊዮርጊስ። «እርምጃ ተወስዶባታል?»

«ልብ ወለድ ነው እኮ ጌታዬ።»

«ቢሆንስ? ልብ ወለድ አሠራር የለውም?»

የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ቃለሕይወት እጁን አወጣ። «በአምስተኛው መጽሐፍ የሞተው መሐንዲስ በዘጠነኛው ሥራ ላይ ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱ ተሰርዟል?»

«የጻፏቸው ሁለት የተለያዩ ደራሲዎች ናቸው» አለ ሰላሁን። «አንዱ የሌላውን ያነበበ አይመስለኝም።»

«የቅንጅታዊ አሠራር ክፍተት!» አሉ ዳይሬክተሩ በሐዘን። ይህንንም የኮሚቴው ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንዱ ሌላው መጻፉን ሳያውቅ፣ ሁለት ጊዜ መዘገቡት።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው በየሳምንቱ ተሰበሰበ። አባላቱ እንግሊዝኛ ስለሚከብዳቸው ሰላሁን እያንዳንዱን ታሪክ በአማርኛ ይተርክላቸዋል፤ ትረካውም፣ የእነሱ ክርክርም ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል። ሦስት ፀሐይ ያላት ፕላኔት ላይ የፆም ቀን በየትኛዋ ፀሐይ ይቆጠራል በሚለው ብቻ ሁለት ስብሰባ አለቀ። ወደ ፕላኔቷ የሚደረገው የመስክ ምልከታም በትራንስፖርት እጥረት ምክንያት ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት ተላለፈ። ስምንት ወር አልፎ ቃለ ጉባኤው ስድስት መቶ ገጽ ሲደርስ፣ መጻሕፍቱ ገና ከመጋዘን አልወጡም።

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀን ወይዘሮ ሸምሲያ ሰላሁን ቢሮ ገብተው ቁጭ አሉ።

«ነገ ቁልፉን ሊረከቡኝ ይመጣሉ» አሉ ድምፃቸው ቀዝቅዞ። «አርባ አንዱ ይቅርብኝ፣ በአላህ አንዷን ስጠኝ።»

ሰላሁን ዙሪያውን ተመለከተ። በዚያ ቤት ተገምግሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ያለቀ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመደርደሪያው አውርዶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቃለ ጉባኤው። ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ሸምሲያ ጀርባው ላይ ቁጥር ለጠፉበትና በአዲስ መጽሐፍነት መዘገቡት። በማግስቱ የመጡት ሰዎች ማኅተሙን አይተው ቁልፉን ሳይረከቡ ተመለሱ። መጽሐፉ ግን መደርደሪያ ላይ አላደረም። ጌጃ ሰፈር ተቀባበለው። አንድ ልብስ ሰፊ የኮሚቴውን ክርክር ጮክ ብሎ ሲያነብ ደንበኞቹ ልብሳቸውን ረስተው ይሄዱ ጀመር። ሁለተኛ ቅጽ አለው ወይ የሚል ሰው ከንባብ ቤቱ በር ጠፍቶ አያውቅም።

ወሬው አቶ ገብረጊዮርጊስ ዘንድ ሲደርስ ደስታቸው ወደር አጣ። ሰላሁንን አስከትለው ሄደው የአንባቢያን አስተያየት መስጫውን መዝገብ አስወጡ።

«ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» አሉት።

የመጨረሻውን አስተያየት የጻፈችው ቢፍቱ የምትባል የሰፈሩ መምህርት ናት። ሰላሁን ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ።

«ግሩም መጽሐፍ ነው። ሞቶ የተነሣው መሐንዲስም፣ ባለ ሦስት ፀሐይዋ ፕላኔትም አሳምነውኛል። ድክመቱ ኮሚቴው ነው። ደራሲው እኛን ለማሳቅ ብሎ ሰዎቹን ከልክ በላይ አጋኗቸዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሊኖሩ አይችሉም።»

አቶ ገብረጊዮርጊስ መዝገቡን ተቀብለው ራሳቸው ደግመው አነበቡት።

«አንኖርም ነው የምትለው መምህርቷ?»

«እንደዚያ ይመስላል ጌታዬ።»

«በስሜት መልስ አንሰጥም» አሉ ዳይሬክተሩ ኮታቸውን እየቆለፉ። «ይጣራ።»

በማግስቱ የኮሚቴውን መኖር አለመኖር የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ በሰላሁን ሰብሳቢነት ተቋቋመ። ሰላሁን በሕይወቱ እንደዚህ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ የለም። ሦስት ሩብ ዓመት መርምሮ፣ ኮሚቴው ለመኖሩ እስካሁን በቂ ማስረጃ አላገኘም።