ቆሞ የሚጠብቀው ገጽ

ጽሕፈት አልለመድኩም፤ ፊደሌም ይንጋደዳል። ግን ያየሁት ነገር ሆዴ አልያዝልህ አለኝና፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ እነሆ።

የአንድ ክሊኒክ ኮምፒውተር ሠራተኛ አለ፤ «ሊቁ» ይባላል፣ ስሙንም ያወጣው ራሱ ነው። የታማሚን ውጤት ከላቦራቶሪ፣ ከራጅና ከካርድ ክፍል ጠይቆ በኮምፒውተር የሚያሳየው ገጹ ለመከፈት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ነገ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ፊት ካልፈጠነለት ይሰናበታል። እሱ ግን ወረቀት የሚያደርሱትን የክሊኒኩን ተላላኪ፣ ጋሼን፣ ይቆጣል።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ጥፍር ይቆርጣሉ? የሦስቱ ክፍል ወረቀትስ?

ተላላኪው፦ ሰጠኋቸው።

ሊቁ፦ መልሱስ?

ተላላኪው፦ እየጻፉ ነዋ።

ሊቁ፦ ጥለዋቸው መጡ? ሰው ወረቀቱን ላቦራቶሪ ሰጥቶ፣ መልሱን እስኪቀበል በር ላይ ይቆማል። ከዚያ ራጅ ክፍል። ከዚያ ካርድ ክፍል። ሥርዓት ይባላል።

ተላላኪው፦ እኔ ሦስቱንም አድዬ፣ በኋላ ዞሬ እሰበስባለሁ።

ሊቁ፦ (በሐዘኔታ) የኔን ገጽ ይዩ። መጀመሪያ ላቦራቶሪን ጠየቀ፤ አሁን ይጠብቃል።

ተላላኪው፦ የላክኸው ሰው እግሩን ያመዋል?

ሊቁ፦ ሰው አይደለም። እግር የለውም።

ተላላኪው፦ ታዲያ ምን ደክሞት ይቆማል? ራጅ ክፍሉስ እስከዚያ ምን ይሠራል?

ሊቁ፦ ማን ጠየቀውና?

ተላላኪው፦ እሱን እኮ ነው የምለው።

(ሊቁ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የገጹን ትእዛዝ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ፤ ጋሼ እንዳያዩበት በክርኑ ከልሎ።)

(በማግስቱ ጠዋት። ሥራ አስኪያጇ ቆመዋል። ሊቁ የታማሚውን ቁጥር አስገባ፤ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ባዶ ነው።)

ሥራ አስኪያጇ፦ ውጤቱ የት አለ?

ሊቁ፦ ሦስቱንም በአንዴ ጠይቄአለሁ እኮ።

ተላላኪው፦ መልሱን ማን ሰበሰበው?

(ሊቁ ቁጥሩን ደግሞ አስገባ፤ ገጹ አሁንም ባዶ ነው።)

ተላላኪው፦ እትዬ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ። ማደሉን ችሎታል፤ ሳይሰበስብ ወደ ቤቱ ሄዶ ነው።

(ሊቁ አንድ መስመር ጨመረ፦ ሦስቱም መልስ ሳይሰጡ ገጹን አታሳይ። ውጤቱ በአርባ ሰከንድ ተደርድሮ ወጣ።)

ሥራ አስኪያጇ፦ በል፣ ሥራህን ቀጥል። ከየትኛው ኮርስ ተማርከው?

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ከ… ከጋሼ።

ተላላኪው፦ ኧረ እኔ ምን አውቄ። በር ላይ መቆም ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው እንጂ።

(ያን ጠዋት ሊቁ የጋሼን ወረቀት ተቀብሎ፣ በየክፍሉ ሲያድል አረፈደ።)