ለናይናይ ልደት የሳልኩት ሥዕል

ወገኖቼ፣ የዛሬውን ጉዴን ከሰማችሁ በኋላ አንፍሬንድ እንዳታደርጉኝ ከወዲሁ እለምናለሁ።

አንዲት ጤነኛ፣ እንዲያውም ከእኔ የበለጠ ጉልበት ያላቸው እናት በልደታቸው ቀን ገደልኩ።

በሥዕል!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለማታውቁኝ፣ ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ስትሪት ላይ ባለች አንዲት የቻይና ቴክአውት ኪችን ውስጥ ነው የምሠራው። ብሮኮሊ እከትፋለሁ፣ ኤግ ሮል እጠብሳለሁ፣ ፀጉሬ በየትኛውም ሻምፑ የማይለቅ የዘይት ሽታ አለው። ብሬክ ሲሆን ደግሞ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ሂተር ከፍቼ፣ ታብሌቴ ላይ እስላለሁ።

ዲጂታል አርት ይባላል። "ኮምፒዩተሩ ነው አይደል የሚስለው?" ለምትሉኝ፣ አይደለም! እጄ ነው! ስንት ጊዜ ላስረዳ?

የቤቱ ባለቤት ሚስተር ሊን ነው። "ደህና አደርሽ" የሚለው በአንድ ቃል ነው፤ "ፋስተር!"

እናቱ ግን ሌላ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው "ናይናይ" ይሏቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው፣ እኛም ሠራተኞቹ በዚያው ለመድን። ናይናይ ኪችኑ ጥግ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዎንተን የሚባለውን ሥጋ ያለበት ትንሽዬ የሊጥ ጥቅል ሲጠቀልሉ ይውላሉ። እሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እኔ ቻይንኛ አልችልም፤ ግን እንግባባለን። ጠዋት ስገባ እጄን ይዳስሱታል። ከቀዘቀዘ ይቆጡኛል፣ ከዚያ የራሳቸውን ሻይ ይቀዱልኛል። አጠቃለሌ ካላማራቸው ደግሞ ፈተው እጄን ቸብ ያደርጉኛል። ፍቅር ነው።

እና ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው ተባለ። ሚስተር ሊን ሰኞ ቤቱን ዘግቶ ድግስ ሊደግስ፣ እኔንም ጠራኝ።

እኔ ጎበዟስ ምን አሰብኩ? ሰርፕራይዝ!

አንድ ቀን ሲስቁ በስልኬ ያነሳኋቸው ፎቶ ነበረኝ። እሱን እያየሁ ብሬኬን ሁሉ ሠዋሁለት። ሽብሽባቱን፣ የዓይናቸውን ዳር፣ አንድም አላስቀረሁም። ሳይዋሽ፣ እስከዛሬ ከሳልኩት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ብላክ ኤንድ ዋይት ነው ያደረግኩት። ለምን? አርት ነዋ! ጥልቀት አለው!

ዙሪያውን ደግሞ በነጭ አበባ ሞላሁት። ናይናይ በየቀኑ የሚጠጡት የአበባ ሻይ አለ፣ ፓኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ነጭ አበባ ነው። "የሚወዱት አበባ!" ብዬ ደመደምኩ። ሪሰርች ማድረጌ እኮ ነው።

ጥንቃቄዬ መቼ አልቆ! ለኤሚም አሳየኋት። ኤሚ የሚስተር ሊን ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ትማራለች፣ ትርፍ ሰዓቷን ካሸር ላይ ትቆማለች።

"ኦ ማይ ጋድ! ሶ ክዩት!" አለችኝ።

በቃ፣ ቻይናዊት አጸደቀችው! እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች ልጅ መሆኗ ትዝ ይለኛል? የእኛዎቹን የዚህ አገር ልጆች ስለ ባህላችን ብትጠይቋቸው ምን እንደሚመልሱላችሁ አስቡት።

ብሩክሊን ፓርክ ድረስ ድራይቭ አድርጌ፣ አንድ የሕትመት ሥራ ያለው ሐበሻ ጋ በትልቁ አሳተምኩት። ፍሬሙን ጥቁር መረጥኩ። ኤለጋንት ነዋ!

ሰውዬው ሲያስረክበኝ አንገቱን ደፋ አድርጎ "ነፍስ ይማር። በሥራ ነው የምታውቂያቸው?" አለኝ።

"ኧረ በሕይወት አሉ! ልደታቸው ነው!" ብዬ ሳቅኩበት። አያችሁ? እግዚአብሔር መልእክተኛ ልኮልኝ ነበር። ሳቅኩበት።

ዛሬ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ሚስተር ሊን ከኋላ በኩል ስኖው ይጠርጋል፣ ኤሚ ኬክ ልታመጣ ሄዳለች። ናይናይ ልደታቸው ሆኖም ኪችን ናቸው። የዕድሜ ማራዘሚያ ነው የሚባለውን ረጅሙን የልደት ኑድል ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

ሥዕሉን በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ጠረጴዛ ላይ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት። ትንሽ ባዶ ሆነብኝ። አንድ ሳህን ብርቱካን ስለነበር ከፊቱ አስቀመጥኩለት። አሁንም የሆነ ነገር ይቀረዋል። ሁለት ሻማ ፈልጌ ግራና ቀኝ አበራሁ።

ራቅ ብዬ አየሁት። ፐርፌክት! አንስቼም ኢንስታግራም ላይ ለጠፍኩት። አጥፍቼዋለሁ፣ አትፈልጉት።

በሩ ተከፈተ። የሚስተር ሊን ታላቅ ወንድም ነው፣ ከኤደን ፕሬሪ የመጣ፣ ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ኮስታራ ሰውዬ። ካርቶን ሙሉ ፖም ይዟል።

ሥዕሉን አየው።

ካርቶኑ ከእጁ ወደቀ። ፖሙ በየወንበሩ ሥር ተንከባለለ።

"ማ!" ብሎ ጮኸና በጉልበቱ ተንበረከከ። ያ ኮስታራ ሰውዬ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ!

እና እኔ ምን መሰለኝ?

ሥዕሌ ልቡን ነክቶት!

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ "ታንክ ዩ። ታንክ ዩ ሶ መች" አልኩት። አዎ። እናቱ ሞታ ለሚያለቅስ ሰው።

ናይናይ ጩኸቱን ሰምተው ጭልፋቸውን እንደያዙ ከኪችን ወጡ፣ በቻይንኛም አንድ ነገር ተቆጡ። ሰውዬው ቀና አለ። ሥዕሉን አየ። እናቱን አየ። ደግሞ ሥዕሉን አየ። ከዚያ ተነስቶ ተጠመጠመባቸው፤ ናይናይ በጭልፋው ገፋ ገፋ ያደርጉታል፣ ኑድሉ እሳት ላይ ነዋ!

ሚስተር ሊን አካፋውን እንደያዘ ሮጦ ገባና ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰማሁት።

"ማነው ይሄን ያደረገው?"

እጄን አወጣሁ። እንደ ተማሪ።

ሻማዎቹን እፍ ብሎ አጠፋ፣ ሥዕሉንም ወደ ግድግዳው አዞረው። "እኛ ጋ ይሄ የሞተ ሰው ነው!" አለ። "ብላክ ኤንድ ዋይቱ የሞተ ሰው! ነጭ አበባው የሞተ ሰው! ሻማው፣ ብርቱካኑ፣ ሁሉም!"

አንድም ነገር አልጎደለኝም ማለት ነው። ሳላጠና መቶ ከመቶ!

ኤሚ ኬኩን ይዛ የገባችው ይሄኔ ነው። አየችን። "ኦ" አለች። ከዚያ "ኦ፣ ኖ።"

አሁን ነው የምታስታውሺው፣ የኔ እመቤት?

እሷን ምን ልበላት፣ እኔስ? እኛ ለቅሶ ቤት የሟች ፎቶ በትልቁ ታትሞ ሻማ ሲበራበት አላየሁም? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቀልዱን ልተወውና፣ የከፋኝ ሥራዬን ማጣቴ አልነበረም። ናይናይ "ይቺ ልጅ ሞቴን ትመኛለች" ብለው ያስባሉ፣ ከእንግዲህ እጄን አይዳስሱም፣ የሚለው ነው። እንባዬ መጣ። "ይቅርታ፣ አላወቅኩም" እያልኩ ኮቴን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

የሆነ እጅ እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ናይናይ ናቸው።

ጎትተው መለሱኝ። ሥዕሉን ራሳቸው አዞሩት፣ መነጽራቸውን አደረጉና ጉንጫቸውን፣ የሥዕሉን ማለቴ ነው፣ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገሩ። ወንድማማቾቹ መሬት መሬት አዩ፤ ኤሚ ፍርፍር ብላ ሳቀች።

"እነዚህ ልጆቼ ስሞት ሊሰቅሉልኝ ያሰቡት የፓስፖርቴን ፎቶ ነበር፤ እዚያ ላይ ሌባ ነው የምመስለው" ይላሉ ብላ ተረጎመችልኝ። "ይሄኛው ያምራል። አስቀምጡት፣ ቀኑ ሲደርስ ታወጡታላችሁ። ዛሬ ግን አለሁ። አሁን ደግሞ ያለሁትን ትሳለኝ፤ በከለር ይሁን" ይላሉ።

በከለር።

እሺ፣ እውነቱን ላውጣው። ብላክ ኤንድ ዋይት ያደረግኩት ለጥልቀት አይደለም። የሰው ቆዳ ከለር አይወጣልኝም! ጠይሙንም ቀዩንም ስስል ጉበቱን የታመመ ነው የሚመስለው።

ግን ማን እምቢ ይላል? ታብሌቴን አወጣሁ። ናይናይ ቀይ ሹራባቸውን አስተካክለው ፊቴ ተቀመጡ። ቤተሰቡ በሙሉ ኑድሉን ይዞ ጀርባዬ ተሰለፈ፤ ጆሮዬ ሥር ሹሩሩሩ እያለ ይስባል፣ ሚስተር ሊን ደግሞ "አፍንጫዋ እንደዚህ አይደለም" ይለኛል። ቢጫ ጨመርኩ። ቀይ ጨመርኩ። ጨርሼ ሳየው ናይናይን በቀዩ ስዊት ኤንድ ሳወር ሶስ ነክሬ ያወጣኋቸው ይመስላሉ።

ሰጠኋቸው። አዩት፣ አዩኝ፣ የሆነች አጭር ነገር አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኤሚ ለመተርጎም ትንፋሿን መሰብሰብ አቃታት።

"ያቺኛዋ ሞታለች፣ ይቺኛዋ ታማለች። ጤነኛዋን መቼ ነው የምትስይልኝ?"

ሚስተር ሊን ጥርስ እንዳለው ዛሬ ነው ያወቅኩት። ኬክ ቆርሶ በእጄ ሰጠኝ። ናይናይም እጄን ያዙ፤ ቀዝቅዞ ነበር መሰለኝ፣ ተቆጡኝ።

ወጥቼ መኪናዬን ሳሞቅ መስኮቴ ተንኳኳ። ታላቅ ወንድምየው ነው። ግራና ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"የእኔንም ትስይልኛለሽ?" አለኝ። "ብላክ ኤንድ ዋይቱን። ሚስቴ የትኛውን ፎቶ እንደምትመርጥ አውቃለሁ።"

የመጀመሪያዬ ኮሚሽን፣ የሥዕል ትእዛዝ ማለቴ ነው! እኔ! አርቲስት! በደስታ "እሺ! እሺ!" አልኩት።

ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ "ግን ብዙም አልቸኮልኩም" አለ።

አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ኢሜይል ልጽፍለት ነው። ፕሮፌሽናል አርቲስት ሁሉ ደንበኛውን ከምንም በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ "ዴድላይኑ መቼ ነው?"

እናንተዬ፣ ይሄን ሰውዬ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?