ጆሮ የሰማውን አፍ ሲክድ

የሰማውን አልሰማሁም ማለት የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ የእናቴ ወንድም ጋሼ መኩሪያ።

እስራኤል በገባን ዓመት፣ አሚሻቭ በሚባል ሰፈር ሳለን፣ ጎረቤታችን ራፊ ከሥራ መልስ ተረት የሚመስል ጨዋታ ያጫውተን ነበር። ዕጣችንን የሚወስን ባለ ነጥብ ጠጠር እየወረወርን፣ የብርቱካን አበባ ሽታ በመስኮት እየገባ፣ እያንዳንዳችን የተረት ሰው እንሆናለን። ሕጉ ከባድ ነው፤ እኛ የሰማነውን የምንሆነው የተረት ሰው ካልሰማ፣ እንዳላወቀ አድርገን መጫወት አለብን።

አንድ አመሻሽ የእኔ ሰውዬ ከግንቡ በር ኋላ ዘንዶ መተኛቱን ሰማ። የጋሼ ጦረኛ ገና ወንዝ ማዶ ነበር። ሲደርስ ግን በሩን አልነካም አለ! ግንቡን ሰባት ጊዜ ዞረ። በመጨረሻ ዘንዶው በእርጅና እስኪሞት ሊጠብቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ራፊ፣ “የሰማኸው አንተ እንጂ ጦረኛህ አልሰማም” አለ በዕብራይስጥ፤ ለጋሼ ተረጎምኩላቸው።

“ጆሮዬ የሰማውን አፌ እንዴት ይክዳል? ቅጥፈት አልችልበትም!” አሉ። በሳቅ ፈረስን።

ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ልማዴ ጠየቅኋቸው። “ጋሼ፣ ሱዳን ስለቀረችው እናቴ የሰሙት ነገር የለም?”

“ምንም አልሰማሁ ልጄ” ብለው የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከሉልኝ።

በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች አስከትለው መርዶዬን ይዘው መጡ። እናቴ ካረፈች ወራት አልፈው ነበር። ጋሼ የእህታቸውን ሞት የሰሙት ገና የራፊን ጨዋታ መጫወት ሳንጀምር ነው።

ራፊ ግን እስከ ዛሬ፣ ያ ጨዋታ ለጋሼ ፈጽሞ አልገባቸውም ይላል።