ሌባን ያጠፋው ሰዋስው

ክፉን በስሙ መጥራት ያፈረ ሰው፣ ክፉው ራሱ ደጁ ድረስ መጥቶ በስሙ ይጠራዋል። ይህ እውነት በአንድ ሰፈር እንዴት እንደ ተፈጸመ፣ ለሰሚ ሁሉ ትምህርት ይሆን ዘንድ ይነገራል።

በዚያ ሰፈር የቤተ ክርስቲያኑ ምእመናንና የፖሊስ ጣቢያው ወንጀልን ለመቀነስ ኅብረት መሠረቱ። ዓላማው የተቀደሰ ነበር፤ ምእመናኑ በየመንገዱ ቆመው ሊጠብቁ፣ ፖሊሶቹም ሲጠሯቸው ሊደርሱ ቃል ተጋቡ። ለሊቀ መንበርነትም ጡረታ የወጡ የሰዋስው መምህር ተመረጡ። ነገር ግን መንገድ ላይ መቆም ጉንፋን ያመጣል፤ ስብሰባ ደግሞ ያሞቃል። ስለዚህ ሊቀ መንበሩ ሌብነትን ከወንበራቸው ሳይነሡ ሊያጠፉት ቆረጡ።

«ወገኖቼ፣» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «‹ሌባው መኪና ሰረቀ› ስንል ባለቤቱ ማን ነው?»

«ታርጋው ይታይ፣» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«በሰዋስው ሕግ ባለቤቱ ሌባው ነው። መኪናው ተሳቢ ነው፤ ተስቦም ሄዷል። እንግዲህ ንብረቱን በገዛ አንደበታችን ለሌባ የምናስረክበው እኛው ነን።»

አዳራሹ በዚህ ጥበብ ተደመመ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ «ሌባ» እና «ሰረቀ» የሚሉ ቃላት ተከለከሉ፤ ከቤቱ የታጣ ዕቃ ሁሉ «ሄደ» ይባል ተባለ። ደንቡን የተላለፈም፣ ሰላም አዋኪ ነውና፣ ንግግሩን እስኪያርም በጣቢያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። በእርግጥም ወንጀል ባንድ ጊዜ ድራሹ ጠፋ። ሊቀ መንበሩም እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚሳሱላትን ብስክሌት ከአዳራሹ ግድግዳ አስደግፈው ሳይቆልፉ መግባት ጀመሩ፤ ቁልፍ የእምነት ጉድለት ነውና።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ልጆቿን በመርፌ የምታሳድግ ልብስ ሰፊ እንባዋን እየጠረገች ጣቢያ ደረሰች። ሊቀ መንበሩ ከኢንስፔክተሩ ጋር ሻይ ይጠጡ ነበር።

«የስፌት መኪናዬን ሰረቁኝ፣ አባባ። የሰው ጨርቅ ቆርጬ ተቀምጫለሁ፤ በምን ልስፋው? ልጆቼንስ ምን ላብላ?»

«ልጄ፣ ‹ሄደ› በይ፣» አሉ ሊቀ መንበሩ በአባትነት ለዛ።

«ብረት እኮ ነው፤ በምኑ ይሄዳል?»

ኢንስፔክተሩ ምርመራቸውን ጀመሩ። «የእጅ ነው የእግር?»

«የእግር።»

«እግር ካለው ታዲያ መሄዱ ምን ይገርማል?»

«በራሱ ከሄደ በሬን ለምን ሰበረው?»

ለዚህች ጥያቄ እስከ ቀትር አግዳሚው ላይ ዋለች። በመጨረሻ፣ ልጆቿ ምሳ ይጠብቋታልና፣ «እሺ፣ ሄደ» አለች። ሊቀ መንበሩም ግሱን አጥብቃ ሳይሆን አላልታ በመጥራቷ አመስግነው ሸኟት።

ብዙም ሳይቆይ ኅብረቱን የሚያመሰግን ታላቅ ጉባኤ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ በድምፅ ማጉያው ፊት ቆመው፣ በሰፈሩ የሚሄድ እንጂ የሚሰረቅ እንደሌለ ሲያስረዱ ዓይናቸው በመስኮት ወደ ውጭ ወጣ። አንድ ጎረምሳ ብስክሌታቸው ላይ ጉብ ብሎ ሊፈተለክ ነው። የስንት ዘመን ሰዋስው ከራሳቸው ላይ በነነ።

«ሌባ! ኧረ ሌባ! ያዙት!»

በር ላይ የቆመው ኮንስታብል ደንቡን ጠንቅቆ ያውቃልና እየሮጠ መጥቶ ያዘ፤ ሊቀ መንበሩን።

«እኔን አይደለም እኮ፣ እሱን!»

«እሱማ ምንም አልተናገረም፣ አባባ።»

ድምፅ ማጉያው ግን ቃሉን በሰፈሩ ሁሉ አዳርሶት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስትሰማ ክልከላው የተነሣ መሰላት፤ ጎረቤቶቿን አስከትላ እየጮኸች ወጣችና ጎረምሳውን መታጠፊያው ላይ ከብስክሌቱ አወረዱት። ክፍሉ ሲፈተሽ የስፌት መኪናዋ መርፌው እንኳ ሳይወልቅ ተገኘ። ኅብረቱ ከተመሠረተ ወዲህ የተያዘ የመጀመሪያው ሌባ ይኸው ነው፤ የያዘችውም ያቺ የተከለከለች ቃል ናት።

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ተረከበች። ሌባው ወኅኒ ወረደ። ሊቀ መንበሩ በገዛ ደንባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ «ሄደ» ይበሉና ይውጡ ቢባሉ ቃሉ ከጉሮሯቸው አልወጣ ብሎ እዚያው አመሹ። በማግስቱም ምእመናኑ ከሊቀ መንበርነታቸው ሻሯቸው፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ሄዱ» ተብሎ ተጻፈ።