እሷን ጠይቋት

ጥር 14 ቀን። ወንድሜ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የጻፈው ይህን ብቻ ነው። ልጁ ያን ቀን የተናገረቻቸውን ቃላት ከሥሩ ሳያሰፍር፣ ከሰዓት በኋላ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ።

በየሰፈሩ ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው አይጠፋም። የተጠየቀውን የማይመልስ ግን ቢበዛ አንድ ነው፤ የእኛ ሰፈሩ ወንድሜ ነበር። ክቡርነታቸው ከሱቅ እስከ መድኃኒት ቤት የሚታወቁት በአንድ መልስ ነው፤ «እሷን ጠይቋት።»

እሷ የአምስት ዓመት ልጁ ናት። ሴሬብራል ፓልሲ ስላለባት የአፏ ጡንቻዎች እንዳሻት አይታዘዟትም። ወንድሜ ቀድሞ ሳትጠይቀው ውሃ፣ ሳትንቀጠቀጥ ብርድ ልብስ የሚያቀርብ አባት ነበር። የንግግር ባለሙያዋ ይህን አይታ፣ «አንተ ሁሉን ካወቅክላት እሷ ለምን ትናገራለች?» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንም የማያውቅ ሰው ሆነ።

ካልሲዋን እጇ ላይ ያጠልቅና «እግር» እስክትል ይጠብቃል። ባዶ ኩባያ ሰጥቷት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሐኪሙ ዕድሜዋን ቢጠይቁት በአክብሮት ወደ እሷ ጠቆመ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የት እንደሚወርዱ ጠይቆት፣ መልሷን ሲጠብቁ ሁለት ፌርማታ አልፏቸው በእግር ተመልሰዋል። አሮጊቷ ጎረቤታችን፣ ልጅቷን አናግራለሁ ብሎ ራሱ ዱዳ ሆኖ ቀረ እያሉ ይስቁበት ነበር።

እኔ ታላቅ እህቱ የሆስፒታል መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁትም ለዚሁ ሙያ ነው። ደብተሩን አይቼ ነቀፍኩት። «ዳ» ያለችውን «ዳቦ» ብሎ መዝግቧል። ባዳ ሰምቶ ያልገባውን ቃል ቃል አልለውም አልኩ።

«እትዬ፣ ልጄ የምትናገረው ለመዝገብሽ አይደለም፤ ስለራባት ነው» አለኝ።

በለቅሶው ሰሞን ሁሉም አዘነላት፣ ሁሉም ተናገረላት። አንዷ ታጎርሳታለች፣ ሌላዋ ታቅፋታለች፤ እኔም ሳትጠይቀኝ አለበስኳት። እስከ ሰባተኛው ቀን አንዲት ቃል አልወጣትም። የወንድሜ ድካም ከወንድሜ ጋር ሊቀበር ነው ብዬ ደነገጥኩ። ባዶውን ኩባያ ሰጥቻት ዝም አልኩ። አሥር ቆጠርኩ፤ ሃያ ቆጠርኩ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የሙት ልጅ ታስለቅሻለሽ?» አሉኝ አሮጊቷ።

እጄ ወደ ማሰሮው ሲሄድ በሌላው እጄ ያዝኩት። ሠላሳ ሳይሞላ «ዋ» አለች። «ውሃ» ብዬ ደገምኩላትና ሞላሁላት። «ውሃ» ብዬም በደብተሩ ላይ መዘገብኩ፤ ምስክር አልጠራሁም።

የጥር 14 ጠዋቱን የነገረኝ ጫማ ሰፊው ነው። ልጅቷ ቀኝ እግሯን ስለምትጎትት የቀኝ ጫማዋ አፍንጫ ቶሎ ያልቃል። ጫማው ቡናማ ነው። በምን ክር ልስፋው ቢለው፣ ወንድሜ የተለመደውን መለሰለት። ሦስት ሰው ቆሞ እየጠበቀ፣ ልጅቷ አፏን ደጋግማ ከፍታ በመጨረሻ «ቀይ» አለች። ወንድሜም «ቀይ» አለ። ቡናማው ጫማ በቀይ ክር ተሰፋ። ሒሳቡን ከፍሎ፣ ጫማውን አጥልቆላት፣ እጇን ይዞ በእሷ እርምጃ ወደ ቤት ወሰዳት።