በድፍን መስመር የተሳለ ውሃ

ዘመኑ የአፕዴት ዘመን ነው። ስልኬ ጧት ከእኔ ቀድሞ ይነሣና «ልሻሻል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ተሻሻል እለዋለሁ፤ ምን ቸገረኝ። ተሻሽሎ ሲመለስ ግን የማውቀው ነገር ሁሉ ቦታው ላይ የለም። የልጅ ልጄን ፎቶ ከነበረበት አንሥቶ የት እንደወሸቀው እሱና ፈጣሪው ይወቁ። እናንተም ሳይደርስባችሁ አይቀርም። ደግነቱ ስልክ ነው። ሰው እንዲህ በየሳምንቱ ተሻሽሎ የሚያድር ቢሆን ኖሮ ትዳር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ይህን ያነሣሁት በልጄ ምክንያት ነው። ልጄ ኢንጂነር ናት። ሥራዋን አንድ ሁለት ጊዜ አስረድታኝ ሁለቱንም ጊዜ የገባኝ መስዬ ራሴን ነቅንቄያለሁ። ባጭሩ፣ አንድ ትልቅ ነገር፣ ባቡር በሉት ወይም የውሃ ማጣሪያ፣ ምኑ ከምኑ ጋር እንደሚያያዝ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ያንን በሳጥንና በመስመር አድርጎ ይስልላታል። ባለፈው እሁድ ልትጠይቀኝ መጥታ ላፕቶፗን ከፈተችና መነጫነጭ ጀመረች። ሶፍትዌሩ ተሻሽሎ አድሮ ሳጥኖቿን በራሱ ፈቃድ ደርድሯቸዋል፤ መስመሮቿም እንደ ተተረተረ ሹራብ ተወሳስበዋል። ስትረጋጋ ግን «ጥሩነቱ አባዬ፣ አሁን ዕቃው ሲቀየር ሥዕሉ ራሱ አብሮ ይቀየራል» አለችኝ።

 እኔም በወጣትነቴ የዚሁ ሙያ ሰው ነበርኩ። እኛ ሥዕሉን እንቀይርና ዕቃው እስኪቀየር እንጠብቅ ነበር።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ ድሬዳዋ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የንድፍ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ምን ያመርት እንደነበረም ይቅርብኝ። ድሬ ውስጥ ዘመድ የሌለው ፋብሪካ የለም፤ ነገ ቀፊራ ገበያ ላይ የሚያስቆመኝ አላጣም። ሥራችን ካልክ በምንለው ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ በቀለም ብዕር መሳል ነው። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ጫፍ በስሱ ይፋቃል፤ ጠንከር ካደረጋችሁት ወረቀቱ ይቀደድና ከሀ መጀመር ነው። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ደግሞ ሌላውን መከራ ትገምታላችሁ። አንዲት የላብ ጠብታ ካልኩ ላይ ካረፈች የሳምንት ሥራ ታጠፋለች። ስለዚህ ሁላችንም ክርናችን ሥር ፎጣ አንጥፈን ነበር የምንሠራው። ማራገቢያ አልጠፋም፤ ወረቀቱን ስለሚበትን ጠፍቶ ነው የሚውለው።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ጌታነህ ናቸው። «ናቸው» የምለው ስለምጽፍ ነው እንጂ ያኔስ አንተ ነበር የምንላቸው። በድሬ ሥራ አስኪያጁም አንተ ነው፣ ዳኛውም አንተ ነው። አንቱ ያሉት ሰው ምን አስቀየምኩት ብሎ ሲብሰለሰል ያድራል። አቶ ጌታነህ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው። የሕይወታቸው ሥራ ደግሞ «ትልቁ ሥዕል» የምንለው ነበር። ከጉድጓዱ እስከ ሠራተኞች መኖሪያ፣ ውሃው፣ እንፋሎቱ፣ መብራቱ፣ ሁሉም ምኑ ከምኑ እንደሚገናኝ ባንድ ወረቀት ላይ ይታያል። ሕጉ ቀላል ነው። ያለ ነገር በድፍን መስመር ይሳላል። የታሰበ፣ ገና ያልተሠራ ነገር በቁርጥርጥ መስመር። ያለና የተበላሸ ከሆነ ድፍኑ መስመር ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ይደረግበታል። አንድ ነገር ሲቀየር አቶ ጌታነህ ካልኩን ያሻሽላሉ፣ አዲስ ቅጂ ታትሞ በየቢሮው ግድግዳ ይሰቀላል፣ አሮጌው ቅጂ ተለቅሞ ይቃጠላል። እንግዲህ አፕዴት ማለት ይኸው ነበር፤ ጭስ ነበረው እንጂ።

ይህ ሥዕል በፋብሪካው ውስጥ ምን ያህል እንደተከበረ ልንገራችሁ። አንድ ኃላፊ አንድ ነገር ለመወሰን ሲፈልግ ሄዶ አያይም። ማን አብዶ በዚያ ፀሐይ ይወጣል? ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል፤ በቃ። ሥዕሉ ላይ ካለ አለ፤ ከሌለ የለም። ለዓመታት ሲሠራ ችግር አልነበረውም፤ ምክንያቱም አቶ ጌታነህ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እያንዳንዱን ቱቦ በእጃቸው ነክተው ካልመጡ በስተቀር መስመር ድፍን አያደርጉም።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የሠራተኞች ቤቶች ነበሩ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ክረምት ሲሆን ግን ከላይ ደንገጎ ተራራ ጫፍ ላይ ይዘንብና፣ ድሬ ላይ ፀሐይ ጠራርታ እያለች፣ ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እየነዳ ይደርሳል። ማዶ ያሉት ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ደግሞ ከወዲህኛው ዳር ካለው ቦኖ ነው፤ በድልድዩ መዞር ስለሚያረዝምባቸው አሸዋውን ያቋርጣሉ። ከነሱ አንዷ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛዋ አዴ ሞሚና ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ባለፈው ክረምት አሸዋውን ስትሻገር ጎርፉ አህያዋን ከነጀሪካኖቹ ወስዶባት፣ እሷን አንድ የጋሪ ነጂ በነጠላዋ ጎትቶ አውጥቷታል። ከዚያ ወዲህ ውሃዋን በጀርባዋ ነው የምትሸከመው፤ ሰማዩን እያየች።

ለነዚያ ቤቶች ቧንቧ እንዲገባ ታቅዶ ነበር። በትልቁ ሥዕል ላይ ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ቤቶቹ የሚደርስ ቁርጥርጥ መስመር ነበረ። ቱቦው ግን ካዲስ አበባ ይፈቀድና ይመጣል ሲባል ቀረ። በዚህ መሀል የአብዮቱ በዓል ደረሰ፤ ከላይ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ዘሪሁን ንድፍ ክፍል ገባ። ጓድ ዘሪሁን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከሱ በላይ ያሉትን የሚፈራ፣ ከሱ በታች ያሉትን የሚያስፈራ፣ ያው እንደ ብዙዎቻችን ነው። ሥዕሉ ፊት ቆመ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየው፣ አየውና ጣቱን ደቻቱ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ መስመር ለምንድን ነው የሚቆራረጠው?»

አቶ ጌታነህ ገና ስላልተሠራ ነው አሉ።

«ጓድ፣ አብዮቱ ይቆራረጣል?»

ይህን ጥያቄ በዚያ ዘመን የምትመልሱት ካላችሁ እስቲ መልሱ። አቶ ጌታነህን ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ፎጣቸውን ክርናቸው ሥር አንጥፈው፣ በመስመሩ መሀል ያሉትን ክፍተቶች አንድ ባንድ ሲደፍኑ አየኋቸው። ዘመድ ሲቀብር የማየው ሰው መሰሉኝ፤ አሳዘኑኝ። አዲሱ ቅጂ ታተመ፣ አሮጌው ተቃጠለ፣ እንግዶቹ መጥተው ሥዕሉን አይተው አጨበጨቡ። ማንም ወደ ደቻቱ አልወጣም። ፀሐይ ነበራ።

በጋው አለፈና ሰማዩ ከደንገጎ በኩል መጥቆር ሲጀምር አዴ ሞሚና የጥገና ክፍል ኃላፊው ዘንድ ሄደች። ከክረምት በፊት ቃል የተገባልን ቧንቧ ይግባልን አለች። ኃላፊው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየና ገብቶላችኋል አላት። የለም አለች። አለ አላት፣ በትህትና። ወንበር ላይ አስቁሞ በእጇ እያስነካ አሳያት። ሴትዮዋ መስመር ነክታ፣ የመስመር ቀለም ጣቷ ላይ ይዛ፣ እየተቃጠለች ወደ እኛ መጣች።

«ወላሂ እናንተ ልጆች፣ እኔን በወረቀት ውሃ አጠጣችሁኝ» አለች። አቶ ጌታነህ ወንበር ሰጧት። ቤቷ የትኛው እንደሆነ ጠየቀች፤ አሳዩዋት። ያቺ ትንሽ አራት ማዕዘን ቤቷ መሆኗን ስታይ ትንሽ ፈገግ አለች፤ ደስ ሳይላት አልቀረም። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«አቦ ጌታነህ፣ ውሃው እዚህ በሬ ድረስ መጥቷል?»

«በሥዕሉ መጥቷል።»

«እንግዲያ ለምን አይወርድም? ዝናቡ ሊገባ ነው። እኔ ዘንድሮ ከዚያ አሸዋ አልወጣም፤ ያ ጋሪ ነጂም ወደ ጀልዴሳ ሄዷል።»

ይህን ያለችው ሳትጮህ ነው። ብትጮህ ይሻለን ነበር። መስመሩን ወደ ቁርጥርጥ መመለስ እንደማይቻል እኔም አቶ ጌታነህም እናውቃለን። የተጨበጨበለትን ቧንቧ የለም ማለት አጨብጫቢዎቹን ዋሽታችኋል ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን የሚፍቅ ምላጭ አልተሠራም። አቶ ጌታነህ ግን የሴትዮዋን ጥያቄ ይዘው ቆዩ። ለምን አይወርድም። ያለ ቱቦ ነው፣ ውሃ ግን አይወርድበትም። በሕጋቸው መሠረት ለዚህ ምልክት ነበረው። እዚያው እሷ ፊት ቀዩን ብዕር አነሡ፣ ድፍኑ መስመር መሀል፣ ልክ ደቻቱ ላይ፣ ኤክስ አደረጉበት።

እንዲህ ሆኖ ያልነበረው ቱቦ ተሰበረ።

አዲሱ ቅጂ በየቢሮው በተሰቀለ በማግስቱ ጓድ ዘሪሁን ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። በእንግዶች የተጨበጨበለት መስመር ተሰብሯል ማለት ከላይ ከተሰማ አሻጥር ነው የሚባለው፤ አሻጥር ከተባለ ደግሞ አሻጥረኛ ይፈለጋል። ማን ሰበረው ብሎ ጀመረ። የጥበቃ ሠራተኞችን ስም ጠየቀ። እኔ ምላጬን ይዤ ካልኩ ላይ አቀረቀርኩ። አቶ ጌታነህ በረጋ ድምፅ፣

«ጓድ፣ የሰበረውን ሰው ለመያዝ እኮ መጀመሪያ ቱቦው የተዘረጋበትን ቀን መናገር ይኖርብናል» አሉት።

ጓድ ዘሪሁን ወደ በሩ ሄደ፤ የሚወጣ መስሎኝ ነበር፤ በሩን ዘግቶ ተመለሰ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገና ሥዕሉን እንደ አዲስ ያየው ጀመር። መልሶ ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር። ጥገናው እስከ ክረምት ያልቃል ወይ ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ የዘመኑን አሠራር ካላወቃችሁ አይገባችሁም። ለአዲስ ሥራ የሚሆን ቱቦ ካዲስ አበባ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱ ደግሞ ከሰው ዕድሜ ይረዝማል። ለጥገና የሚሆነው ግን እዚያው ግምጃ ቤታችን ተቆልሎ ነበር፤ የሚሰበር ነገር ጠፍቶ ዝገት እየበላው። ጓድ ዘሪሁን በአስቸኳይ ይጠገን ብሎ ፈረመ። የጥገናው ፎርማን አሊ ሰዎቹን ይዞ ወጣና ከፋብሪካው አጥር ጀምሮ የተሰበረውን ቦታ እየፈለገ ቆፈረ። በማግስቱ መጥቶ ስብራቱን አላገኘሁትም አለ። ቀጥል ተባለ። ቆፈረ። አሁንም ስብራት የለም፤ ደግሞም ቱቦ የለም አለ። አቶ ጌታነህ ከማዶ ጫፍ ድረስ ሂድ፣ ያላገኘኸውን ቦታ ሁሉ በአዲስ ተካው አሉት። አሊ የገባው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄ አልጠየቀም፣ ሰዎቹም እያፏጩ ነበር የሚሠሩት። ሥራው ሲያልቅ ለሥራ አስኪያጁ ጉዳቱ ከፍተኛ ስለነበረ መስመሩ ሙሉ በሙሉ መቀየሩን ነገረው። ሥራ አስኪያጁ የጥገና ክፍሉን በስብሰባ አመሰገነ።

የመጀመሪያው ጎርፍ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ድምፁን ስሰማ ሥራዬን ጥዬ ድልድዩ ላይ ወጣሁ። ከታች ያ ቀይ ውሃ ግንድ እያላጋ ያልፋል፤ ከማዶ አዴ ሞሚና በሯ ላይ ካለው ቧንቧ ባልዲ ትሞላለች። ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ እንኳ አልዘጋችውም፤ ቆማ ጎርፉን ታያለች። አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ። ላብ ነው እንዳልል ክርኔ ሥር ፎጣ አልነበረም።

አቶ ጌታነህ ቀዩን ምልክት አነሡ፣ አዲሱ ቅጂ ተሰቀለ፣ አሮጌው ተቃጠለ። ሥዕሉና መሬቱ ታረቁ፤ እኛም ነገሩን ለማንም ላናወራ ተማማልን። ጥቂት ቀን ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። አዴ ሞሚና ናት፤ በወረቀት የተጠቀለለ ሐልዋ ይዛለች፣ ከኋላዋ ደግሞ አንዲት የማናውቃት ሴት ቆማለች። ዘይነባ ትባላለች፣ ከኛ ቤቶች በስተጀርባ ነው የምትኖረው አለችን። ሐልዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሴትዮዋን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጌታነህ፣ ይቺ ሥዕሉ ላይ የለችም። መጀመሪያ እሷን ሳላት። ከዚያ ቱቦዋን ሳልላት። ከዚያ ስበረው። አሠራሩን ነግሬያታለሁ።»

እኔ ምላጬን ጣልኩት። አቶ ጌታነህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ በሩ መዘጋቱን አዩና ለዘይነባ ወንበር ሳቡላት።

«ቤትሽ ከሞሚና በስተቀኝ ነው በስተግራ?» አሏት።