የሱሉልታው ጠያቂና የደከመው ማሳ

በየአገሩ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። እግዚአብሔር ለአንዱ ሀብት፣ ለአንዱ ዕውቀት ሲያድል ለሱሉልታ ክቡር ኦቦ ደገፋን ሰጠ።

ኦቦ ደገፋ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ይጠይቃሉ። «አካም ቡልቴ ዳኜ? የደከመ መሬት በምን ይድናል?» ቄሱን ከቅዳሴ መልስ፣ የአውቶቡሱን ሾፌር መሪ እንደያዘ ጠይቀዋል። እኔን ዳኜንማ፣ ንባብ በራሴ ስለተማርኩ ብቻ፣ ስንት ጊዜ! ሲመጡ ሳይ ጋዜጣዬን ዘርግቼ የምደበቅበት ቀን ነበር፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የጓሯቸው ማሳ ገብስ ማብቀል ከተወ ሦስት ዓመቱ ነው። ጎረቤት ሁሉ «ያን በጆንያ የሚመጣውን የፈረንጅ ማዳበሪያ ግዙ» ይላቸዋል። «እሱ ያለቀ ዕለት መሬቱ ምን ይበላል?» ይላሉ እሳቸው። ፍግ እንዳይበትኑ ደግሞ ሚስታቸው ወይዘሮ ድንቅቱ አሉ።

«እበቱን ማሳ ላይ ከደፋኸው በምን ላብስል? በጥያቄህ?»

በኅዳር ድርቆሽ አጫጆች ከአባይ ማዶ መጡ። ለአጫጅ ምሳ እንጂ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው አይቼ አላውቅም። ኦቦ ደገፋ ግን አሥራት የሚባለውን አጫጅ ማጭዱን አስጥለው ጓሮ ወሰዱት።

«በአገርህ እንዲህ ያለው ምን ይደረጋል?»

አሥራት አፈሩን ጨብጦ አሸተተ። «ከብቱን እዚሁ እናሳድራለን፣ ጌታዬ። በየሳምንቱ በረቱን ፈቀቅ ማድረግ ነው። እመይቴ ለማገዶ የሚሆናቸውን ጠዋት ይልቀሙ፤ ሽንቱና የተረገጠው ለመሬቱ ይበቃል።»

«ይሄ ሰው ያውቃል» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ። ባላቸውን እንዲህ ብለው አያውቁም።

«እንግዲያው አትሂድ። ገብሱ ከበቀለ እኩል እንካፈላለን» አሉ ኦቦ ደገፋ።

ሰፈሩ ሳቀ። «ለአጫጅ እኩል!» አሥራት ግን አልሳቀም። ካልበቀለ ባዶ እጁን ነው አገሩ የሚገባው። እስከ ሰኔ በረቱን ከጥግ እስከ ጥግ አዞረው።

በጥቅምት ገብሱ ከወገቤ በላይ ደረሰ፤ ተመስገን። ምስለኔው ሊያይ መጥቶ «ምን አድርገው ነው?» ቢላቸው ኦቦ ደገፋ አሥራትን ወደፊት ገፉት። «እኔ ጠያቂ ነኝ። መምህሩ ይኸውና።» አሥራት እጁን ነጠላው ላይ ጠርጎ፣ ሹም ፊት ቆሞ ማሳውን አስረዳ።

ገብሱን እኩል ተካፈሉ፤ አሥራትም እዚሁ ጎጆ ቀለሰ። ባለፈው ሰኞ ኦቦ ደገፋ «አካም ቡልቴ» ብለውኝ ብቻ አለፉ። ጥያቄ የለም! ጋዜጣዬን አጥፌ ተከተልኳቸው።

«ኦቦ ደገፋ፣ ምን አስቀየምኩዎት?»

«ምንም። አንተ መልስ የለህማ።»

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅ። የጓሮዬ ጎመን ለምን ቢጫ ሆነ?»

ፊታቸው በራ። ክንዴን ጨበጡና «ና» አሉኝ፤ «አሥራት ቤት እንሂድ።»